ቀለም ያዝናል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። የዓምዱ አዘጋጅ በባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ሠርታ በጡረታ ላይ ያለች ባለሙያ ናት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሽምብጥ ነው። የጥጥ ሻርፕ በተፈጥሮ ቀለም እየነከርኩ ሐይቁ ዳር ለጎብኚዎች እሸጣለሁ። በቅርቡ ጨርቁን በሸብ አዘጋጅቼ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነከርኩት፤ ወርቃማ ቢጫ ወጣልኝ። ከዚያ በአንድ አጭር ሥልጠና ላይ የተሰጠንን የእንግሊዝኛ ወረቀት ተከትዬ ትንሽ የብረት ጨው ጨመርኩበት። የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ሆነ። ወረቀቱ ብረት ቀለሙን «ሳደን» ያደርገዋል ይላል። እኔም ከዚያው ወስጄ መለያው ላይ «ሳድ ግሪን» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ፈረንጅ አንብባው ፊቷ ቅጭም አለ፤ ሻርፑን መልሳ አስቀመጠችው። አያቴ ደግሞ ብረት መጨመሬን ስትሰማ «ከል ልትነክሪ ነው እንዴ? ማን ሞቶብሽ?» አለችኝ። «ሳድ» ማለት ያዘነ ማለት አይደለም ወይ? ቀለም እንዴት ያዝናል? መለያው ላይስ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ልጄ፣ ወረቀትሽ አልተሳሳተም። ሴትዮዋም ቅር ቢላት አልፈርድባትም። ወረቀቱ የያዘው የነካሪዎችን ቋንቋ ነው፤ እሷ የሰማችው ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። ይህ ቃል እኔንም ከድሮ ጀምሮ የሚማርከኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

«ሳድ» ሲጀመር ከሐዘን ጋር አይተዋወቅም ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ የጠገበ ማለት ነው። በልቶ የጠገበ፣ ጠጥቶ የረካ፣ ሲብስም በቃኝ ያለና የሰለቸው። ጀርመኖች ዛሬም ለጠገበ ሰው «ዛት» ይላሉ፤ ያው ቃል ነው። ቀለሙን አብዝቶ የያዘ ቀይንም «ዛት» ይሉታል። ወደ ላቲን ስትሄጂ «ሳቲስ» በቂ ማለት ነው፣ «ሳቱር» ደግሞ የጠገበ። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ታዲያ ጥጋብ እንዴት ሐዘን ሆነ? የሄደው በክብደት በኩል ነው። የጠገበ ይከብዳል። እንግሊዞች በየገጠሩ ኩፍ ሳይል የተጋገረን ዳቦ «ሳድ» ይሉት ነበር። ምድጃ ላይ ተጥዶ የሚግለውን ድፍን የብረት ካውያም «ሳድ አይረን» ብለውታል። ከባዱ፣ ውስጡ ክፍት የሌለው ካውያ ማለታቸው ነው። ቃሉ ወደ ሰው ሲመጣ ጽኑ፣ ረጋ ያለ፣ ቁም ነገረኛ የሚል ትርጉም ያዘ። ከቁም ነገረኛ ወደ ፊቱ የከበደ፣ ከዚያም ወደ ያዘነ ተሻገረ። ዛሬ የቀረው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ የቀደመው ሁሉ ተረስቷል። በእኛ አገር ጥጋብ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። የጠገበ ሰው ሲባል የሚመጣብን ሰው የማያከብር፣ የሚፎክር ነው። የእነሱ ጠጋቢ ቁጭ ብሎ ዝም አለ፣ የእኛው ተነሥቶ ዘለለ።

ወደ ቀለም ስንመለስ፣ እንግሊዞች ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ አንሥቶ ከበድ ያለ፣ ጠለቅ ያለ፣ ዓይን የማይወጋ ቀለምን «ሳድ» ይሉ ነበር። ጥቁር ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ የሠፈሩት እንግሊዛውያን አለባበሳቸው ቁጥብ እንዲሆን የሚፈልጉ ሃይማኖተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1638 በተጻፈ ዝርዝራቸው ውስጥ «ሳድ» ከተባሉት ቀለሞች መካከል የጉበት ቀለም፣ የአጋዘን ቆዳ ቀለም፣ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ እንዲያውም ብርቱካናማ አለበት። ብርቱካናማ! ዛሬ ብርቱካናማን ያዘነ የሚል ሰው አይገኝም። እነዚያ ሰዎች ግን በዓይነ ሕሊናቸው የሚታያቸው በእንጨትና በሥር የተነከረ፣ ጸሐይ ላይ የማይጮህ፣ ረጋ ያለ ብርቱካናማ ነው። ደህና ጥቁር በእነሱ ዘመን ውድ ነበር፤ ተራው ሰው በየቀኑ የሚለብሰው አልነበረም።

ነካሪዎች ይህን ቃል ግስ አደረጉት። በ19ኛው መቶ ዓመት የሱፍ ነካሪዎች ዘንድ «ስታፊንግ ኤንድ ሳደኒንግ» የሚባል አሠራር ነበር። መጀመሪያ ሱፉን በቀለም እንጨት ያፈሉታል፤ ክሩ እስኪበቃው ይጠጣል። ይህ መሙላቱ ነው። ከዚያ እዚያው ድስት ላይ የብረት ወይም የመዳብ ጨው ይጨምሩበታል። ቀለሙ ይጸናል፣ ይከብዳል፣ ይጠቁራል። ይህ ደግሞ ማክበዱ ነው። ወረቀትሽ ላይ ያለው ግስ ከዚያ የወረደ ነው። አንቺም ሐይቁ ዳር ያደረግሽው እሱኑ ነው።

ብረቱ ምን እንደሚሠራ በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ሻይ ላይ ሞክሪው። ወፈር ያለ፣ ስኳር የሌለው ሻይ በብርጭቆ ቅጂ። ከብረት ጨውሽ የጥፍር ጫፍ የምታህል ጣል አድርጊበት። ቀዩ ሻይ ዓይንሽ እያየ ይጠቁራል። ብርጭቆውን ከፍ አድርገሽ ብርሃን ላይ ብታዪው ጥቁሩ ንጹሕ ጥቁር አይደለም፤ ጠርዙ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ታገኛለሽ። ሻይ ቅጠል ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። የግራር ቅርፊትም፣ የሮማን ልጣጭም አላቸው። ብረት ታኒንን ሲያገኝ ተያይዘው ጥቁር ይሆናሉ። የሽንኩርቱ ቢጫ ሌላ ነገር ነው፤ ኩዌርሴቲን ይባላል። እሱም ብረትን ሲይዝ ወደ ወይራ አረንጓዴ ይዞራል። ሻዩን እንዳትጠጪው፤ ብርጭቆውንም ለነከራ ብቻ መድቢው።

የአውሮፓ ጸሐፍትም ለብዙ ዘመን የጻፉት በዚሁ በብረትና በታኒን ቀለም ነው። ጥፋቱ እየቆየ ብራናውንና ወረቀቱን መብላቱ ነው። የእኛ የቁም ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም በባህላዊው አሠራር ከጥላሸት ስለሚዘጋጅ ቆዳውን አይበላም። የጣና ደሴቶች ገዳማት ውስጥ ያሉት ብራናዎች ፊደላቸው ደምቆ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህን ያነሣሁት ለአንቺም ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ነው። ብረት ሲበዛ ክር ይበላል። ከደረቅ ጨርቁ ክብደት 2 በመቶ ይበቃሻል። ሻርፑ 200 ግራም ከሆነ የብረት ጨው 4 ግራም ማለት ነው። በዓይን ግምት አትጨምሪ። ጓንት አድርጊ። የምግብ ድስት አትንኪ። የብረት ጨው ሕፃን ከዋጠው ይመርዛልና ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ ወደፈለግሁት ልምጣ። «ሳድ» እና «ሳቹሬትድ» የሚሉት ቃላት እህትማማች ናቸው። ሁለቱም ከጥጋብ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን ሳቹሬትድ ሲባል ደማቅ፣ ያሸበረቀ፣ ዓይን የሚስብ ቀለም ነው። ሳድ ሲባል ደግሞ የጠቆረ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ቀለም። ሁለት የጠገቡ እህትማማቾች እንዴት በሁለት ጫፍ ቆሙ?

መልሱን ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። የናሙና ካርድ ስናዘጋጅ አንድ ቀለም እንይዝና መጠኑን እየጨመርን ቁርጥራጭ ጨርቅ እንነክራለን። ሰማያዊ እንውሰድ። ከጨርቁ ክብደት ግማሽ በመቶ ቀለም ስትሰጪው ፈዘዝ ያለ የሰማይ ቀለም ይወጣል። 1 በመቶ ስትሰጪው ይፈካል። 2 በመቶ ላይ ሰማያዊ ነኝ ብሎ ይቆማል፤ ካርዱ ላይ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። 4 በመቶ፣ 6 በመቶ እያልሽ ስትሄጂ ጨርቁ ከበፊቱ ይበልጥ ቀለም ጠጥቷል፤ ነገር ግን አይደምቅም፣ ይጠቁራል። የመጨረሻውን ቁራጭ ከራቅ ብሎ ያየ ሰው ጥቁር ነው ይልሻል። መስኮት ዳር ወስደሽ እጥፋቱን ስትከፍቺው ነው ሰማያዊነቱ የሚወጣው።

እንግዲህ ጥጋብ ያው ጥጋብ ነው። ድምቀቱ ጫፍ ላይ የደረሰበትን ቦታ ሳቹሬትድ አሉት። ከዚያ ያለፈውን፣ ቀለም በዝቶበት የከበደውን ሳድ አሉት። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ብቻ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ እንቆቅልሽ ሊሆንበት ይችላል፤ ገንዳው ጋ ቆሞ ጨርቅ ሲያገላብጥ ለኖረ ግን ግልጽ ነው። ብረት ደግሞ አቋራጭ ነው። ብዙ ቀለም ሳትጨርሺ ቢጫሽን ወደዚያ ወደ ከባዱ ጫፍ ይወስድልሻል።

አያትሽ ያሉትን አቃለሽ አትዪው። በእኛ አገር ከል የእውነት ሐዘን ነው። ሰው ሞቶበት ልብሱን ከል ነክሮ የሚለብስ ሰው ያንን ጥቁር ለሐዘኑ ብሎ ነው የሚያደርገው። እንግሊዝኛው ላይ ግን ሐዘኑ ከቀለሙ አልመጣም። ቃሉ በራሱ መንገድ ሄዶ ሐዘን ላይ ደረሰ፣ ቀለሙን ኋላ ትቶት ነው የሄደው። ለአያትሽ ወይራ አረንጓዴ እንደሆነ አሳዪያቸው፤ ከል እንዳልሆነ በዓይናቸው ይፈርዳሉ።

መለያው ላይ «ዲፕ ኦሊቭ» ብለሽ ጻፊ። ጠለቅ ያለ ወይራ ማለት ነው፤ የትኛውም እንግዳ በደስታ ያነበዋል። «ሳቹሬትድ» አትበዪው፣ ብረቱ ድምቀቱን ስለቀነሰው ውሸት ይሆንብሻል። «ሳደን» የሚለውን ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ስታወሪ ተጠቀሚበት፤ የሙያሽ ቃል ነው፣ አትፈሪው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቀለሙ ደርሷል አልደረሰም የምትዪው ጨርቁ ከደረቀ በኋላ ይሁን። እርጥብ ጨርቅ ሁልጊዜ ጠለቅ ብሎ ይታያል። በክሮቹ መካከል የነበረውን አየር ውኃው ስለሚተካው ላይ ላዩን የሚበተነው ነጭ ብርሃን ይቀንሳል። ሲደርቅ ያ ነጭ ተመልሶ ይመጣል፣ ቀለሙም ይሳሳል። ብዙ ጀማሪ እርጥቡን አይቶ ደስ ብሎት ከገንዳ ያወጣና በማግሥቱ ገመድ ላይ ሲያየው ይከፋዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እንግዳ የማመላልስ ልጅ ነኝ። እግረ መንገዴን በስልኬ ፎቶ እያነሣሁ እልክላቸዋለሁ። ስልኩ ላይ «ሳቹሬሽን» የሚል መግፊያ አለ። ከፍ ሳደርገው ፎቶው ይደምቃል፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። ጓደኛዬ ግን «ይሄ ጣና አይደለም» ብሎ ይሞግተኛል። እስከ ምን ድረስ ልግፋው? ሌላ ቦታ ደግሞ «ክሮማ» የሚል አየሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ግን መግፊያውን ጨርሰህ ተው አልልህም።

ስልክህ እያንዳንዱን የፎቶ ነጥብ በሦስት ቁጥር ነው የሚይዘው። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ግራጫ ነው። እየተራራቁ ሲሄዱ ቀለም ይወጣል። መግፊያው የሚያደርገው ማራራቅ ነው። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስትመልሰው ሦስቱ አንድ ይሆኑና ፎቶህ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ወደ ፊት ስትገፋው ደግሞ አንዱ ቁጥር 255 ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ መሄጃ የለውም። እዚያ ላይ ነው ጥፋቱ።

በክረምት ያነሣኸውን ፎቶ አውጣና እየው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ሲገቡ ሐይቁ ቡናማ ይሆናል። ያ ቡናማ ዝቅ ያለ፣ ለግራጫ የቀረበ ቡናማ ነው። መግፊያውን ከፍ ስታደርገው ውኃው ሽሮ ይመስላል። ጓደኛህ ጣና አይደለም ያለህ ይህን አይቶ ይሆናል።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ፣ ካስፈቀድክ በኋላ፣ ከግድግዳው ሥዕል አንድ ቀይ ልብስ የለበሰ ቅዱስ ብታነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ታያለህ። ሠዓሊው የልብሱን እጥፋት በጠቆር ባለ ቀይ መስመር አውጥቶታል። መስመሩና ልብሱ የሚለያዩት በትንሽ ነው። ስትገፋው ሁለቱም አንድ ጣሪያ ላይ ይደርሳሉ፣ እጥፋቱ ይጠፋል፣ አንድ ድፍን ቀይ ብቻ ይቀርሃል። በ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሥዕሎች ላይ፣ የሥዕሉ ጀርባ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሻገርባቸው ላይ፣ ጉዳቱ ይብሳል። መሻገሪያው ይሰነጠቅና እርከን እርከን ይሆናል። ሠዓሊው የደከመበት ያ መሻገሪያ ነው፤ በጣትህ አታጥፋበት። ብልጭታውንም አትጠቀም።

ልኩን በቁጥር ልንገርህ ብል ውሸት ነው፣ እንደ ፎቶው ይለያያል። እኔ የምልህ ፎቶው ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ነገር ፈልግ። ፔሊካን ካለ ላባውን ተመልከት፤ ቄስ ካሉ ጥምጥማቸውን። እየገፋህ እያለ ያ ነጭ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ ማዘንበል ሲጀምር አልፈሃል፣ ተመለስ። ስልክህ «ቫይብራንስ» የሚል መግፊያ ካለው እሱ ይሻልሃል። እሱ ቀድሞ የደመቀውን ብዙ ሳይነካ የደከመውን ነው የሚያነሣው።

ከላይ ለሻርፕ ነካሪዋ እህትህ እንደነገርኳት ሳቹሬሽን ከጥጋብ የመጣ ነው። ቃሉን ለቀለም መጠቀም ከኬሚስትሪ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ውኃ ጨው ጠጥቶ ጠጥቶ ሌላ አላሟሟም ሲል ሳቹሬትድ ሆነ ይባላልና። ግን ለቀለም የዋለው ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ቬርጂል ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ስለ እርሻና ስለ ንብ በጻፈው ግጥም ውስጥ የውኃ ልጃገረዶች ከወንዝ ሥር ተቀምጠው ሚሌጦስ ከምትባል ከተማ የመጣ ሱፍ ሲፈትሉ ይታያሉ። ሱፉ የመስተዋት አረንጓዴ ቀለም ተነክሯል። ለዚያ ቀለም የሰጠው ቅጽል «ሳቱር» ነው፤ የጠገበ። እኔ ይህን ሳነብ የተደሰትኩት ደስታ ልክ የለውም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም ስለ ቀለም ጥጋብ የሚወራው እንዝርት የያዙ ሴቶች ዘንድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ቀለምን በዓይነቱ፣ በብርሃኑና በጥጋቡ ለይቶ ሲያጠና፣ ቃሉ የሳይንስ ቃል ሆነ።

ክሮማ ግሪክ ነው፤ ቀለም ማለት ነው፣ ሥሩም ከቆዳ፣ ከሰውነት ገጽ ጋር የተያያዘ ነው። ክሮምየም የሚባለው ብረትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ውሕዶቹ ባለ ብዙ ቀለም ስለሆኑ። ለቀለም መለኪያነት ክሮማን ያስለመደው አልበርት ማንሰል የሚባል የቦስተን ሠዓሊና የሥዕል መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905። ከግራጫ ተነሥቶ ምን ያህል ርቆ ሄደ ብሎ በእርምጃ ቆጠረው። እርምጃው ለሁሉም ቀለም እኩል እንዳልሆነም አየ። ቀይ ሩቅ ይሄዳል፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ቶሎ ይቆማል። የአፈር ባለሙያዎች ዛሬም የእሱን መጽሐፍ እርሻ ላይ ይዘው ይወጣሉ፤ የጭቃውን ቀለም ከገጹ ጋር እያስተያዩ ቁጥሩን ይጽፋሉ። ሳቹሬሽንና ክሮማ በአለካክ ይለያያሉ እንጂ ለአንተ ሥራ አንድ ናቸው ብትል አትሳሳትም።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ሸማኔ ነኝ። ለአንዲት ደንበኛ ነጠላና የራስ ሻሽ ሠራሁ። ነጠላው ነጭ ነው፣ ሻሹ ጥቁር። የሁለቱም ጥለት ከአንድ ድውር የወጣ ቀይ ክር ነው። ደንበኛዋ ግን የነጠላው ቀይ ጠቆረ፣ የሻሹ ፈካ፣ ክር ቀይረህብኛል ብላ ከሰሰችኝ። እኔም ራሴ ሳየው እንደዚያው ነው የሚመስለኝ። ክሩ አንድ መሆኑን በምን ላሳያት?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎም እሷም እውነት ነው የተናገራችሁት። ክሩ አንድ ነው፣ ዓይን የሚያየው ግን ሁለት ነው።

ይህ ጉዳይ አንድ ትልቅ ሰውንም ገጥሞታል። ሚሼል ዩዤን ሼቭሩል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው የንጉሥ ሽመና ቤት የማቅለሚያው ኃላፊ ሆነ። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ደከመ ብለው ያማርሩ ነበር፤ በተለይ በሰማያዊና በሐምራዊ ጨርቅ ሥዕል ላይ ጥላ ሲያወጡበት። ሼቭሩል የሌላ አገር ጥቁር ክር አስመጥቶ አስተያየ። የቤቱ ጥቁር ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ነበር። ሰማያዊው ከጎኑ ያለውን ጥቁር እያደከመ ያሳየዋል። ይህን ብዙ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1839 መጽሐፍ አወጣ። ዕድሜም ሰጥቶት 102 ዓመት ኖረ።

የእርስዎም ነገር እንደዚያው ነው። ነጭ አጠገብ የተቀመጠ ቀይ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ጥቁር አጠገብ የተቀመጠ ፈካ ብሎ። ጥለቱ ቀጭን ሲሆን ይብሳል። ለዚህ ነው እኔ ማቅለሚያ ክፍል ሳለሁ ናሙና የምናስተያየው በግራጫ ጠረጴዛ ላይ፣ ያውም አንድ ዓይነት ብርሃን ሥር የነበረው።

ለደንበኛዎ እንዲህ ያሳዩአት። ግራጫ ወፍራም ወረቀት ይያዙ፤ የካርቶን ቡናማ አይሁን። የጥለቱን ስፋት የማያልፉ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች በምላጭ ይቁረጡበት። ነጠላውንና ሻሹን ጎን ለጎን ያንጥፉ፣ ወረቀቱን ከላይ ያኑሩበት። በአንዱ ቀዳዳ የነጠላው ቀይ ብቻ ይታይ፣ በሌላው የሻሹ ቀይ ብቻ። ነጩም ጥቁሩም ይሸፈን። ደጅ ጥላ ላይ ያድርጉት፤ አምፖል ሥር ወይም ቀጥታ ጸሐይ ላይ አይሁን። ሁለቱ ቀይ አንድ ሆነው ያገኟቸዋል። ከዚያ ወረቀቱን ራሷ ታንሣ፣ መልሳም ታስቀምጥ።

ለወደፊቱ ደግሞ ደንበኛ ነጭና ጥቁር ላይ አንድ ዓይነት የሚመስል ጥለት ካዘዘች፣ ለነጩ ከሻሹ ክር አንድ ደረጃ ፈካ ያለ ቀይ ይምረጡ። ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱንም በየመደባቸው ላይ ጣት በምታህል ቁራጭ ሠርተው ያሳዩአት፤ ያኔ ምርጫው የሷ ይሆናል።